አሲድና ቤዝ በእርሻ መሬት ላይ

አሲድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን፥ ልብስና ቆዳ የሚያቃጥለውን ፈሳሽ ነው። ነገር ግን በሎሚም ውስጥ አሲድ አለ፤ የእንጀራ ሊጥም ሲቦካ የሚኮመጥጠው አሲድ ስለሚፈጠርበት ነው። የአመድ ውሃና ሳሙና ግን ቤዝ ናቸው፤ ሲነኩ ያሙለጨልጫሉ፥ ሲቀመሱ ይመራሉ። (በላቦራቶሪ ውስጥ ማናቸውንም ነገር መቅመስ ክልክል መሆኑን ታናናሾቻችን አይርሱ።)

የሁለቱ መለኪያ ፒኤች ይባላል። ያወጣውም ዴንማርካዊው ሊቅ ሶረንሰን በ1909 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፥ ከዚያ በላይ ቤዝ ይሆናል። ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራልና፥ ፒኤች 5 የሆነ አፈር 7 ከሆነው 100 እጥፍ አሲድነት አለው ማለት ነው።

ይህ ነገር ገበሬውን በብርቱ ይነካዋል። በወለጋ፥ በጎጃምና በሲዳማ ደጋዎች ዝናብ ይበዛል። ዝናቡ ለብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስድ መሬቱ አሲድ ይሆናል፤ አንዳንዱ ማዳበሪያም ይህንኑ ያባብሳል። ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም (ድስት የሚሠራበት ያው አሉሚኒየም) መሟሟት ይጀምርና የገብሱን ሥር ያሳጥረዋል። ፎስፎረሱም በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። እንግዲህ ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ሳይጠቅመው፥ ጥፋቱን በዘሩ ላይ ያደርጋል።

መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ድንጋዩ በዓባይ ሸለቆ ተነባብሮ ይታያል፤ ችግሩ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ መፍጨቱና ማጓጓዙ ነው። በዱቄቱ ላይ ሎሚ ብትጨምቁበት አረፋ ያወጣል። ስኳርና ውሃ ሲቀላቀሉ ድብልቅ ብቻ ናቸው፤ ውሃው ቢተን ስኳሩ ተመልሶ ይገኛል። ኖራና አሲድ ሲገናኙ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ፤ ይኸውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአረፋ ይወጣል፥ ውሃ ይፈጠራል፥ ካልሲየሙም በአፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ሆኖም ይህ የሚሆነው ሁለቱ በተነካኩበት ቦታ ብቻ ነው። ኖራ እንደ ስኳር በቀላሉ አይሟሟም፤ ከላይ ተበትኖ የቀረ እንደሆነ ሥሩ ያለበትን አፈር ሳይደርስ ይቆያል። ስለዚህ ዱቄቱ የላመ ሊሆን፥ ታርሶም ከአፈሩ ጋር በደንብ ሊደባለቅ ይገባዋል። ልኩም የሚታወቀው አፈሩ ሲመረመር ነው፤ ኖራ ቢበዛ ደግሞ ዚንክና ብረት ለተክሉ ይጠፉበታል። ለምርመራው ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ ጥቂት ጥቂት አፈር ወስዶ ማደባለቅ ይበቃል፤ ኖራውን ግን ከመዝራት ብዙ ሳምንት አስቀድሞ መጨመር ያሻል።