አሠልጣኝ በምን ቁና ይሰፈራል?

እህልን በቁና እንሰፍራለን። መሬትን በጥማድ እንለካለን። ጨርቅን በክንድ እንለካለን። የእግር ኳስ አሠልጣኝንስ በምን እንለካዋለን?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ያከራክራል። ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶችን ጠጋ ብላችሁ ስሙ። አንዱ «ከሁሉ የሚበልጡት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው» ይላል። ሌላው «ኧረ ተው! ሰውነት ቢሻው ናቸው እንጂ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሚወደውን ክለብ አሠልጣኝ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ይበዛል፤ ሻዩም ይቀዘቅዛል። ክርክሩ ግን አያልቅም።

ለምን አያልቅም? ሁሉም በየራሱ ቁና ስለሚሰፍር ነው። አንዱ በትልቅ ቁና፣ ሌላው በትንሽ ቁና ሰፍሮ «የኔ ይበልጣል» ቢል ማን ይዳኛቸዋል? አስቀድሞ በቁናው መስማማት ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ይዘው ለአፍሪካ ዋንጫ የቀረቡ አራት አሠልጣኞችን እናያለን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው።

የአሠልጣኝ ሥራ ምንድን ነው?

አሠልጣኝ ኳስ አይመታም። ሜዳው ዳር ቆሞ ያያል። ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

ወይፈን የሚገራ ገበሬን አስቡ። ገበሬው ቀንበር አይሸከምም። ነገር ግን የትኛው ወይፈን ከየትኛው በሬ ጋር እንደሚጠመድ ያውቃል። የሚፈራውን ያደፋፍራል፤ የሚዋጋውን ያበርዳል። አሠልጣኝም እንደዚሁ ነው። ከብዙ ተጫዋቾች መካከል 11 ይመርጣል። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚሰለፍ ይወስናል። የደከመውን አስወጥቶ ሌላ ያስገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አሠልጣኝ ሸክሙን የሚያከፋፍል ሰው ነው።

ስለዚህ ቡድን ሲያሸንፍ ድሉ የአሠልጣኙ ብቻ አይደለም። ሲሸነፍም ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ይህን እንያዝና ወደ ሰዎቹ እንሂድ።

ዋንጫውን ያመጡት

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ቦታው የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ሰው «ካምቦሎጆ» የሚለው ሜዳ ነው። ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች። በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ሆኑ። ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። በጭማሪው ኢትዮጵያ ሁለት ጎል አግብታ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው ጅማ የተወለዱ ሰው ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አራዳ ላይ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ እሳቸውም በዚያ ክለብ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውተዋል። ስለዚህ የጊዮርጊስ ደጋፊ እስከ ዛሬ ድረስ «የኛ ሰው» ይላቸዋል።

አሁን ግን አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል። «በ1954ቱ ውድድር የቀረቡት ቡድኖች እኮ አራት ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ የተጫወተችው ሁለት ጊዜ ነው። ቱኒዝያን 4 ለ 2፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ በቃ። ጨዋታውም በአገሯ ሜዳ ነበር።» ይህ እውነት ነው። ዋንጫ ብቻውን መለኪያ ከሆነ፣ ዋንጫው ስንት ቡድን ታልፎ እንደተገኘም መቁጠር አለብን።

ይሁንና የይድነቃቸው ሥራ በዚያ ቀን አላለቀም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ቀላቅሎ አላመጣም አለ። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ እንድትወጣ ተደረገ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ዋንጫ አዘጋጆች ለአፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ እንኳ ነፈጓት። የአፍሪካ አገሮች «እንግዲያው አንመጣም» ብለው አደሙ። ይህን ካስተባበሩት መካከል ይድነቃቸው ነበሩበት። በሚቀጥለው፣ በ1962 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ፣ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጣት። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ሦስት ሰዎች፣ እኩል ነጥብ

አሁን ወደ ሌሎቹ ሦስት እንለፍ። እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አብራችሁ ጻፉ።

በእግር ኳስ አቻ የወጣ ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል። የተሸነፈ ምንም አያገኝም።

መንግሥቱ ወርቁ፣ 1974 ዓ.ም.፣ ሊቢያ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ወጡ። ነጥብ፦ 1።

ሰውነት ቢሻው፣ 2005 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ። ከዛምቢያ 1 ለ 1 ወጡ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ነጥብ፦ 1።

ውበቱ አባተ፣ 2014 ዓ.ም.፣ ካሜሩን። በኬፕ ቨርድ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፉ። ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጡ። ነጥብ፦ 1።

አያችሁ? ሦስቱም አንድ አቻ፣ ሁለት ሽንፈት። ሦስቱም አንድ ነጥብ። ሦስቱም ከመጀመሪያው ምድብ አላለፉም። በነጥብ ቁና ከሰፈርናቸው አንዱ ከሌላው ቅንጣት አይበልጥም። ግን እኩል ናቸው ወይ? ቆይ፣ አትቸኩሉ።

ቁጥር ብቻውን የማይናገረው

ሁለት ገበሬዎች እኩል አምስት አምስት ኩንታል ማሽላ አገቡ እንበል። የአንዱ ማሳ ወንዝ ዳር ያለ፣ ውሃ የሚጠጣ ጥቁር አፈር ነው። የሌላው ማሳ ከዳገት ሥር ያለ ድንጋያማ መሬት ነው። በቁና እኩል ናቸው። በጉብዝና ግን እኩል ናቸው የሚል ገበሬ ይፍረቱ የለም። ስለዚህ «ስንት አገባ?» ብቻ ሳይሆን «በምን መሬት ላይ?» ብለን እንጠይቅ።

መጀመሪያ በሩን እንይ። መንግሥቱ ቡድናቸውን ባስገቡ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ በር ጠባብ ነበር፤ የሚገቡት 8 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በሰውነት ጊዜ 16 ሆኑ። በውበቱ ጊዜ 24 ደረሱ። በ8 በር መግባትና በ24 በር መግባት አንድ አይደለም። ይህ ለመንግሥቱ ትልቅ ምስክር ነው።

ደግሞም ያ ከአልጄሪያ ጋር የተገኘው 0 ለ 0 እንዲሁ የሚታይ አይደለም። ይኸው የአልጄሪያ ቡድን ከሦስት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈ። ዓለም ጉድ አለ። መንግሥቱ ራሳቸው በ1954ቱ የፍጻሜ ጨዋታ የመጨረሻዋን፣ አራተኛዋን ጎል ያገቡ ሰው ናቸው።

የሰውነትን መሬት ደግሞ እንይ። ከመንግሥቱ በኋላ ኢትዮጵያ 31 ዓመት ሙሉ ለአፍሪካ ዋንጫ አልበቃችም ነበር። በ1974 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ነበር። ሰውነት ይህን ማሳ ነው የተረከቡት። ለማለፍ የገጠሙት ሱዳንን ነበር። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፉ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ። እስቲ ደምሩ፤ 3 እና 2፣ 5 ይሆናል። ሱዳንም 5 እና 0፣ ያው 5 ነው። ታዲያ ማን አለፈ? በዚያን ጊዜ ደንብ፣ ድምሩ እኩል ሲሆን በሰው አገር ብዙ ጎል ያገባ ያልፋል። ኢትዮጵያ በሰው አገር ሦስት አግብታ ነበርና አለፈች።

ደቡብ አፍሪካ ሲደርሱ የገጠሟቸው እነማን ነበሩ? ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ናይጄሪያ ያን ዓመት ዋንጫውን ወሰደች። ቡርኪና ፋሶ ሁለተኛ ወጣች። ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ የኢትዮጵያ በረኛ ቀይ ካርድ ተሰጥቶት ወጣ። በ10 ሰው፣ 1 ለ 0 እየተመሩ፣ አዳነ ግርማ አገባና አቻ ወጡ። ቀኑ ጥር 13 ነበር። ልክ የ1954ቱ ዋንጫ በተገኘበት ቀን፣ 51 ዓመት ቆይቶ።

ውበቱም ቢሆኑ ቀላል ምድብ አልደረሳቸውም። ካሜሩን ባለቤት አገር ነበረች፤ በመጨረሻም ሦስተኛ ወጣች። ቡርኪና ፋሶ አራተኛ ወጣች። ቡድናቸው በሦስት ጨዋታ 2 ጎል አገባ። የሰውነት ቡድን ያገባው 1 ነው፤ የመንግሥቱ ምንም አላገባም። ውበቱ ከዚያ በፊት በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የሊግ ባለ ዋንጫ አድርገዋል። የቡና ደጋፊ ይህን አይረሳም። «ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህችው ትበቃናለች» ይላል።

ሦስት ነጥብ በወረቀት ሲሄድ

ስለ ሰውነት ስንናገር አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ2005 ዓ.ም. ቡድናቸው ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ይጫወት ነበር። በሰኔ ወር ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሕዝቡ «አለፍን!» ብሎ ጨፈረ። በደስታው ላይ ወሬ መጣ። ከዚያ በፊት ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። በደንቡ መሠረት ያ የተገኘ ድል ሽንፈት ሆኖ ተቆጠረ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰ።

እግር አልደከመም፤ ኳስ አልጠፋም። ጉዳቱ የመጣው በመዝገብ ነው። ካርድ ተመዝግቦ፣ መዝገቡ በጊዜ ተነቦ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ለዚህ ተጠያቂው አሠልጣኙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መዝገብ የሚይዝ ጽሕፈት ቤትም፣ የቡድን መሪም አለና።

ቡድኑ ግን አልወደቀም። የቀረውን ጨዋታ አሸንፎ ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ 10 ቡድኖች መካከል ገባ። ከ10ሩ አምስቱ ወደ ዓለም ዋንጫ ይሄዱ ነበር። ኢትዮጵያ ናይጄሪያ ደረሰቻት። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ናይጄሪያ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፋ ቀረች። ከዚያ በፊት ለዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርባ አታውቅም ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰውነት ከሥራቸው ተሰናበቱ።

እንግዲህ ማን ይበልጣል?

እስካሁን ካየነው ሦስት መለኪያዎችን እናውጣ።

አንደኛ፣ ምን ተረከበ? ለም ማሳ ነው ወይስ ጠፍ መሬት?
ሁለተኛ፣ በተረከበው ምን ሠራበት?
ሦስተኛ፣ ሲሄድ ለተተኪው ምን ትቶ ሄደ?

በዚህ ቁና ከተሰፈረ፣ በእኔ ሚዛን አንደኛው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በዋንጫው ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ሦስት የተጫወቱበትን ቤት ራሱን ከሠሩት አንዱ ስለሆኑ ነው። ሁለተኛ ሰውነት ቢሻውን አስቀምጣለሁ፤ 31 ዓመት ጠፍ የሆነ መሬት አርሰው አብቅለዋልና። ሦስተኛ መንግሥቱ ወርቁ፣ በጠባቡ በር ያስገቡ። አራተኛ ውበቱ አባተ። አራተኛ ማለት ትንሽ ማለት አይደለም፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቡድኑን መልሰው ያደረሱ እሳቸው ናቸው።

«የለም፣ መንግሥቱ ከሰውነት ይቀድማሉ» የሚል ቢኖር አልቆጣም። 8 በር ከ16 በር ይጠባል ብሎ ምክንያት ካቀረበ ተሰሚነት አለው። መልካም ክርክር ማለት ይህ ነው። «እኔ እወዳቸዋለሁ» ማለት ግን ፍቅር ነው እንጂ መለኪያ አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር እናስተውል። ሽማግሌ ያየውን የድሮውን ያደንቃል። ወጣት ያየውን ያሁኑን ያደንቃል። ሁለቱም ያላዩትን ያሳንሳሉ። ይድነቃቸውና መንግሥቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሻይ ቤት መጥተው «እኔ እኮ እንዲህ ሠርቼ ነበር» ሊሉ አይችሉም። የሚናገርላቸው የተጻፈው ብቻ ነው። ባልተጻፈበት ዘንድ ድምፁ የጎላ ሰው ይረታል። በተጻፈበት ዘንድ ግን የሌለውም ሰው ድርሻውን ያገኛል። ሰውን ከሰው ስናወዳድር፣ አሠልጣኝም ይሁን የእድር ዳኛ፣ መጀመሪያ ቁናውን እንመርምር፤ ከዚያ እንስፈር።

ጥያቄዎች

1. በነጥብ እኩል የሆኑት ሦስቱ አሠልጣኞች እነማን ናቸው? እያንዳንዳቸው ስንት ነጥብ አገኙ?
2. ኢትዮጵያና ሱዳን በድምር 5 ለ 5 ሲሆኑ ኢትዮጵያ ለምን አለፈች?
3. ሦስት ነጥብ የተቀነሰው በምን ምክንያት ነው? እንዳይደርስ ምን መደረግ ነበረበት?
4. በአካባቢያችሁ መልካም ሠርቶ ያለፈ ወይም ያረጀ ሰው አስቡ። ምን ተረከበ? ምን ሠራበት? ምን ትቶ ሄደ? በአምስት መስመር ጻፉ።