ለንስሐ አባት ያልተነገረ ኃጢአት

አዲስ አበባ ላይ አገሬን የጠየቀኝን ሰው «መካነ ኢየሱስ ነኝ» ስለው መጀመሪያ ጥምጥሜን ያያል። ቀጥሎ «አባ፣ እንዴ! እሱ የጴንጤዎቹ አይደለም?» ይለኛል። የእኔ መካነ ኢየሱስ ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ ደቡብ ጎንደር፣ የእስቴ ወረዳ ከተማ ናት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ደግሞ በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመች የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህን ለማስረዳት ጊዜ አይፈጅም። የሚከብደኝ ሳስረዳ የሰውየው ፊት ሲለዋወጥ ማየቱ ነው። ጴንጤ የመሰልሁት ጊዜ አንድ ዓይነት ፊት፣ የጎንደር ሰው መሆኔን ሲያውቅ ሌላ ዓይነት ፊት። አንዱ ይጠጋኛል፣ አንዱ ይሸሸኛል። እኔ ግን ገና ምንም አልተናገርሁም።

አሁን ነገር የምንመዝነው እንዲህ ሆኗል። ወሬውን ከመስማታችን በፊት ተናጋሪው የማን ወገን እንደሆነ እናጣራለን። ከእኛ ከሆነ ያለ ምስክር እንቀበለዋለን፤ ከወዲያ ከሆነ በመስቀል ቢምልም አናምነውም።

ንስሐ አባት ነኝ። የሰው ኑዛዜ አይወጣም፤ ያልተነገረኝን ግን መናገር እችላለሁ። ጾም የሻረ ይመጣል። ድንበር የገፋ፣ ትዳሩን የበደለ፣ በችሎት በሐሰት የማለም ይመጣል። «አባ፣ እነ እገሌ ሰው ጨረሱ የሚል ወሬ እውነት ይሁን ሐሰት ሳላጣራ ለማውቀው ሁሉ በስልኬ ላክሁ» ብሎ የመጣ ግን የለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ጦርነት ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ወሬ ደም ያፋስሳል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም አልቆመም፣ በመነኸሪያ በኩል ዞሮ መጣ። በሐሰት መመስከር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን መሻር መሆኑን ልጅ ሁሉ ያውቃል። በጠላት ላይ ሲሆን ይፈቀዳል የሚል ግን እኔ ያነበብሁት መጽሐፍ የለም።

ወገን ለይቶ መጠፋፋት ለእኛ አዲስ አይደለም። እስቴ ውስጥ ቆማ ፋሲለደስ የሚባል ደብር አለ። የተከሉት እቴጌ ወልደ ሣህላ ናቸው፤ የዐፄ ሱስንዮስ ባለቤት፣ የዐፄ ፋሲል እናት። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ እቴጌይቱ በአባቶቻቸው ሃይማኖት ጸኑ። የባልና የሚስት ክርክር ሆኖ ቢቀር ኖሮ አገር ባልተቃጠለ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ በኋላ ግን ነገሩ ዐዋጅ ሆነ፤ የተጠመቀው እንደገና ይጠመቅ፣ የተካነው እንደገና ይካን ተባለ። አገሩ ሸፈተ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ የሸፈተውን የላስታን ጦር ድል አደረጉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደተዉልን፣ መኳንንቱ ሬሳውን እያሳዩ እነዚህ የወደቁት ባዕዳን አይደሉም፣ የርስዎ ሰዎች፣ የእኛም ዘመዶች ናቸው አሏቸው። ድል አድራጊው ንጉሥ ብዙም ሳይቆዩ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ።

እኛ ታሪኩን የምናቆመው እዚህ ላይ፣ «ተዋሕዶ ድል አደረገች» ብለን ነው። የቀረውን ማን ይናገር? በተራቸው ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን አባረሩ፤ ከአዲሱ እምነት አንመለስም ያሉትም ተገደሉ። ከዚያ እኛው በእኛው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ ተባብለን እስከ 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተወጋገዝን። ሃይማኖቴ እውነት ናት ብዬ አምናለሁ፤ ለእሷም እሞታለሁ። ሰይፍ ያስፈልጋታል፣ ወይም የሐሰት ወሬ ይደግፋታል የሚል ካለ ግን እኔ ሳልሆን የናቃት እሱ ነው።

ወደዚያች የስማችን ተጋሪ ቤተ ክርስቲያን ልመለስ። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩት የእኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት ተገደሉ። መንግሥት ለቤተ ሰብም ለምእመንም አልተናገረም። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። እኔና ቄስ ጉዲና በትምህርተ ሃይማኖት አንስማማም፤ ይህን ልሸፋፍነው አልፈልግም። ሆኖም አንድ እጅ በአንድ ክረምት የገደላቸውን ሁለት የክርስቶስ አገልጋዮች አንዱን ብቻ እያለቀሱ ሌላውን ስሙን እንኳ አለማወቅ ምን ይባላል? ግማሽ እውነት የያዘ ሰው ሙሉ የያዘ ይመስለዋል፤ ለዚህ ነው ቀሪውን ግማሽ የማይፈልገው።

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል፣ ምዕራፍ 18 ላይ ሥርዐቱን አስቀምጦልናል። ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ብቻህን ሄደህ ለእሱ ለራሱ ትነግረዋለህ። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ትመለሳለህ፤ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይጸናልና። ለጉባኤ የሚነገረው በመጨረሻ ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም የሚጀምሩት ከዚህ ከመጨረሻው ነው፤ ወደ ፊተኛው የሚመለስም አላየሁም። አገራችን በአውጫጭኝ ጥፋተኛ ስትፈልግ እንኳ የአካባቢውን ሰው ሁሉ አስቀምጣ ትጠይቅ ነበር፤ የተጠረጠረውንም ጨምሮ።

ስለዚህ ለሚሰማኝ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ንስሐ ስትገቡ የስልካችሁንም ተናዘዙ። ለዚህ ኃጢአት እኔ የምሰጠው ቀኖና ጾምና ስግደት ብቻ አይደለም። ዘኬዎስ የወሰደውን ለባለቤቱ እንደመለሰ፣ እናንተም ያን ወሬ ለላካችሁለት ሰው ሁሉ «ሳላጣራ ነው የላክሁት፣ አትመኑት» ብላችሁ በዚያው ስልክ መልሳችሁ ላኩ። ታፍራላችሁ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ላኩ።