የዳነ ሰው ለታመመው እንዲበጅ ትምህርት ያሻዋል

ሰው በሥጋው ሲታመም ጐረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያለውን ይዞ ይጠይቀዋል፤ በቃሬዛ ተሸክሞም ወደ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል። በአእምሮው የታመመ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቤተ ዘመድ ያፍራል፤ ጐረቤት ይሸሻል፤ ሕመሙም እንደ ነውር ተቈጥሮ ከጓዳ ይደበቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በዚህ ሕመም ላይ ሲሆን ግን ያወቅነውን አንሠራበትም።

ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ የወደድነው ነገር ይህ ነው። ከአእምሮ ሕመም ያገገመ ሰው ሌላውን ሕመምተኛ ለመርዳት ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራው ዘንድ በየጊዜው የሚታደስ ትምህርት፣ የሚመራው ባለሙያና የድካሙ ዋጋ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የአቻ ረዳት ይሉታል። አቻ መባሉም በማዕርግ ወይም በዕድሜ እኩል ስለ ሆነ አይደለም፤ የሕመሙን መንገድ ራሱ ሄዶበት ስለ ተመለሰ ነው።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ወደ አንድ ስፍራ አቅርበን እንመልከተው። ቁሐር ሚካኤል በደቡብ ጐንደር በፎገራ ወረዳ ያለ የገበሬ ቀበሌ ነው። የወረዳው ከተማ ወረታ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚሄደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ናት። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት እየሞሉ ይተኙበታል፤ ይህም ውሃ ለሩዙ በረከት፣ ለመንገደኛው እንቅፋት ነው።

በእንዲህ ያለ አገር አንድ ወጣት ገበሬ ታመመ እንበል። ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ወንድሞቹን ይጠረጥራል። ቤተ ዘመዱ አስቀድሞ ወደ ጠበል ይወስደዋል፤ ሕመሙ በበረታበትም ጊዜ እንዳይጠፋና ሰው እንዳይመታ ብሎ ያስረዋል። ከብዙ ቀን በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጐንደር ሐኪም ቤት ይደርሳል፤ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ልቡም ተመልሶለት ወደ ቤቱ ይገባል። ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ በእርሻው ላይ ሳለም እንቅልፍ ያመጣበታል፤ ድኛለሁም ብሎ ይተወዋል። ወይም ሊቀጥል ወዶ ሳለ ሐምሌ ይገባና መንገዱ በውሃ ይቋረጣል፤ መድኃኒቱም ያልቃል። በገበያ ሲያልፍ ልጆች ‹‹እብዱ መጣ›› ይሉታል፤ ያጫትን ልጅ ይከለክሉታል፤ ለደቦም የሚጠራው ይጠፋል። እንግዲህ ሕመሙ ቢያገረሽበት ምን ያስደንቃል? በዚህ ጊዜ የሚያሻው ‹‹የእኔም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለሐኪሙ ብነግረው መጠኑን አስተካከለልኝ፤ ዛሬ ይኸው አርሳለሁ›› የሚለው ሰው ነው። ይህን ቃል ከሐኪም አፍ ቢሰማው ምክር ይሆንለታል፤ ከአቻው አፍ ቢሰማው ግን ምስክርነት ይሆንለታል።

ሐኪምና ነርስ ካሉ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ይህን ጥያቄ ራሱ ይመልሰዋል። በጠላት ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያን የአእምሮ ሕሙማን ሁሉ ብቻውን ሲጠብቅ ኖረ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ነው፤ ሐኪሞችም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመሩት በ2003 ነው። የጐንደር ዩኒቨርሲቲም በሙያው ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ይህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም የባለሙያው ቍጥር ከሕሙማኑ ቍጥር ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያንሳል፤ በቅርብ ዓመታት በክልሉ የደረሰው ጦርነትና ግጭትም ሐዘንተኛውን አብዝቶ መንገዱን አጥብቧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ከክትባት እስከ ወባ፣ ከወሊድ እስከ ንጽሕና ያለው ሥራ ሁሉ በትከሻዋ ላይ ነው።

ከሕዝቡ መካከል የወጣ ረዳት ሠልጥኖ ቢሰማራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ በአገራችን ተፈትኖ ታይቷል። በጉራጌ በሶዶ ወረዳ፣ ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ጽኑ ሕመም የተያዙ 166 ሰዎች የተካፈሉበት ምርምር ተደርጎ ውጤቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ታትሟል። እኩሌቶቹ ገደማ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በላይ የ5 ሳምንት ትምህርት የተሰጣቸው የአገሩ ተወላጅ ሠራተኞች በየቤታቸው እየሄዱ ረዷቸው፤ ቤተ ሰቡን አስተማሩላቸው፤ ከዕድርና ከሽማግሌዎች ጋር አስታረቋቸው። በ6ኛው ወር ሲመረመሩ ግልጥ ልዩነት አልታየም። በ12ኛው ወር ግን የተረዱት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለኑሯቸውና ለሥራቸው በርትተው ተገኙ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ብዙ ሊጠቅም መቻሉ ነው፤ ሁለተኛውም፣ ይህ ሥራ ትዕግሥት የሚሻ መሆኑና በግማሽ ዓመት ዘመቻ የማይፈጸም መሆኑ ነው።

እነዚያ የሶዶ ረዳቶች ከሕመሙ የዳኑ በመሆናቸው የተመረጡ አልነበሩም። ራሳቸው የታመሙ ሰዎች ስለሚሰጡት ርዳታ ደግሞ ከሌላ አገር የተገኘ ምስክር አለ። በእንግሊዝ አገር 441 ሕሙማን በተካፈሉበትና በ2018 በታተመ ምርምር፣ የአቻ ረዳት ያገኙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ለጽኑ ሕመም ሕክምና የተመለሱት ከመቶ 29 ሲሆኑ፣ ካላገኙት ግን ከመቶ 38 ተመልሰዋል። በአሜሪካም የጆርጂያ ክፍለ ሀገር በ1999 ለአቻ ረዳቶች ሥራ ከመንግሥት የሕክምና ገንዘብ መክፈል ጀምሯል። በኡጋንዳም ከቡታቢካ ሆስፒታል ጋር የሚሠሩ ያገገሙ ሰዎች ሠልጥነው፣ ወደየቤታቸው የተመለሱትን ሕሙማን ጐብኝተዋል።

ይህ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር ነው እንዳይባል ደግሞ የኤች አይ ቪን ጊዜ እናስታውስ። ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ዘመን እንደ መቅድምና እንደ ተስፋ ጎሕ ያሉ ማኅበራትን ያቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች በየሐኪም ቤቱ ገብተው መድኃኒት የጀመረውን መካሪ፣ ያቋረጠውን ፈላጊ ሆኑ። ያን ጊዜ የቻልነውን ዛሬ ለአእምሮ ሕመም የማንችልበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ መዳን ብቻውን ሙያ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቈየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ጀማሪውን ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያስጠናው መምህሩ ራሱ ሳይሆን ከእርሱ ጥቂት የቀደመው ተማሪ ነው፤ ያ ተማሪ ትናንት የተሰናከለበትን ስፍራ ዛሬም አልረሳውምና። ነገር ግን ድጓን ዐውቄአለሁ የሚል ሁሉ የድጓ መምህር አይባልም፤ በዚሁ በደቡብ ጐንደር ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ወርዶ፣ በሊቃውንቱ ፊት ቀርቦ ያስመሰክራል። የአቻ ረዳትም እንዲሁ ነው፤ ያሳለፈው መከራ ያስጀምረዋል፤ ለመምህርነት የሚያበቃው ግን ትምህርትና ምስክር ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ምን ምን መያዝ አለበት? አንደኛ፣ መስማትን መማር አለበት። የራሱን ታሪክ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያፈስ ሰው ሕመምተኛውን አድማጭ ያደርገዋል እንጂ አይረዳውም። ሁለተኛ፣ የሥልጣኑን ወሰን ማወቅ አለበት። የበሽታውን ስም መስጠት፣ መድኃኒት መጨመርና መቀነስ የእርሱ ሥራ አይደለም፤ እርሱን ያዳነው መድኃኒት ሌላውን ሊጐዳ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ የሚላከውን መለየት አለበት፤ ይኸውም ሞትን የሚመኝና ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ፣ እህልና ውሃ እምቢ ያለ፣ በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ አእምሮዋ የተናወጠ እናት፣ እንደዚሁም የሚጥል በሽታ ደጋግሞ የሚጥለው ናቸው። ይልቁንም እንደ ፎገራ ባለ የወባ አገር ትኩሳት ያለበት ሰው በድንገት ቢቃዥና ቢለፈልፍ፣ ወባው ወደ አንጐል ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ደሙ መመርመር አለበት፤ ይህን ሰው ‹‹አበደ›› ብሎ ማሰር ወይም ማቈየት ለሞት መስጠት ነው።

አራተኛ፣ ምስጢር መጠበቅን መማር አለበት፤ በገጠር ቀበሌ ሁሉ ዘመድና አበልጅ ስለ ሆነ፣ ከአንድ ጓዳ የወጣ ቃል በማግሥቱ በገበያ ይሰማል። አምስተኛ፣ ስለ እስራት ነው። ቤተ ሰብ ልጁን የሚያስረው ብዙ ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ከጭንቀት ነው፤ ረዳቱም ቤተ ሰቡን ሳይነቅፍ፣ ሕክምናው እንዲቀርብ አድርጎ ሰንሰለቱ የሚፈታበትን መንገድ እንዲያውቅ ያስፈልጋል። ስድስተኛ፣ የአገሩን ጠባይ ከሕክምናው ጋር ማስማማት ነው። ውሃው ሜዳውን ከመያዙ አስቀድሞ፣ ለክረምቱ የሚበቃ መድኃኒት በአንድነት እንዲሰጥ ከጤና ጣቢያው ጋር መነጋገር ለፎገራ ረዳት የሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ስለ ጠበልም አንድ ቃል እንጨምር። ሕመምተኛውን ከጠበል የሚያስቀር ረዳት የሚሰማው አያገኝም፤ ደግሞም አስፈላጊ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ገልጠው ነበር። የአቻ ረዳቱም ከአጥማቂዎችና ከካህናት ጋር በትሕትና ተነጋግሮ፣ ሕመምተኛው ጠበል ሳለም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማድረግን መማር ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ትምህርት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር መሆን የለበትም። ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዘር በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እጅ ወደ ፎገራ አካባቢ ሲገባ፣ ገበሬው ያመነው በጐረቤቱ ማሳ ያየውን ነው። ነገር ግን ዘር ሳይታደስ ከዓመት ዓመት ቢዘራ ይደክማል፤ ዛሬም ስለ ዘሩና ስለ አመራረቱ የሚመረምርና የሚያሠለጥን ብሔራዊ የሩዝ ማዕከል በወረታ ይገኛል። ለሩዝ ያሰብነውን ለሰው አእምሮ ብንነፍግ ነውር ይሆንብናል። ረዳቶቹ በወር አንድ ቀን ከአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር ተቀምጠው ያስቸገራቸውን ይጠይቁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ትምህርታቸው ይታደስ፤ የበረታውም አዲስ የሚገቡትን የሚያሠለጥን፣ ከዚያም የሚቈጣጠር ይሁን። መጨረሻ የሌለው ጀማሪነት የሰውን ልብ ያደክማልና፣ ለሙያው የሚወጡበት ደረጃ ያስፈልገዋል።

ስለ ደመወዝም ዝም ማለት አይገባም። ሕመም ከብቱን አሽጦ፣ መሬቱን ለሌላ አሳርሶ ያደኸየውን ሰው ‹‹ለነፍስህ ብለህ በነጻ አገልግል›› ማለት ሁለተኛ ሸክም መጫን ነው። ረዳቱ ራሱ ሊታመም እንደሚችልም አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ንግግሩ መፍጠኑ ወይም ከሰው መሸሹ የሕመሙ መመለሻ ምልክት እንደ ሆነ ከሚያምነው ሰው ጋር አስቀድሞ ይስማማ፤ በዚያም ጊዜ ዐርፎ፣ ታክሞ፣ ሥራው ሳይጠፋበት ይመለስ። አንዳንዶች ‹‹ይህ ቢሆን ሥራው ይበላሻል›› ይሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ወባ የያዘው ነርስ ዐርፎ ሲመለስ ነርስነቱን የሚክድበት የለም።

ስለዚህ የጤና ባለ ሥልጣኖች የአቻ ረዳትን ሥራ ስምና ደረጃ፣ ደመወዝና የሥልጠና ሥርዓት እንዲሰጡት፤ የጐንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን መጽሐፍ ከሕሙማኑ ከራሳቸው ጋር ሆነው በአማርኛ እንዲያዘጋጁ፤ ዕድሮችም ከአእምሮ ሕመም የተመለሰውን ሰው ወደ ማኅበራቸው መልሰው እንዲያስገቡ በብርቱ እናሳስባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በየቀበሌው ይህን ሕመም ቀምሰው የዳኑ፣ ነገር ግን አፍረው ዝም ያሉ ሰዎች አሉ። ዕውቀታቸው በታላቅ ዋጋ የተገዛ ነውና፣ አስተምረን እናሰማራቸው እንጂ በጓዳ አናስቀረው።