ለማየትና ለመታየት፦ በሞተር ሳይክል ላይ ተጨማሪ መብራት ስለመግጠም



ስለ ኤሌክትሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከክፍል ውጭ በብዛት የተጠየቅሁት ስለ ግድብ ወይም ስለ ሳተላይት አይደለም፤ «ዶክተር፣ ሞተሬ ላይ ተጨማሪ መብራት ባስገጥም ባትሪዬን ይጎዳብኝ ይሆን?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ የግብርና ባለሙያዎች፣ የጤና ሠራተኞች፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚመላለሱ መምህራን ናቸው። ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ከመሸ በኋላ ነው፤ የሚሄዱበትም መንገድ መብራት የሌለው፣ ጋሪና አህያ፣ ከብትና እግረኛ የሚጋሩት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የሕይወት ጥያቄ ነው።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ገና ረዳት መምህር ሳለሁ፣ በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል እሄድ ነበር። የፊት መብራቷ ደካማ ሆነብኝና ከአንድ የቤት መኪና ላይ የተፈቱ ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን መብራቶች ገዝቼ በገዛ እጄ ገጠምኩ። ሽቦው ቀጭን ነበር፤ ፊውዝ አላስገባሁም፤ አቅጣጫቸውንም አልለካሁም። በሦስተኛው ምሽት ከፊት ለፊቴ በብስክሌት ይመጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ብርሃኑ ዓይናቸውን መታቸውና ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ የትከሻቸው አጥንት ተሰበረ። ወደ ጤና ጣቢያ ላደርሳቸው ሞተሯን ለማስነሳት ስሞክር ባትሪው ሞቷል። እርሳቸውን ኮርቻው ላይ አስቀምጬ ሞተሯን በጨለማ እየገፋሁ ሄድን። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ያበራኸው እኔን ለማየት ነው ወይስ እኔ እንዳላይ?» የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ፣ ምን ያህል ብርሃን ያስፈልጋል? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በየሰከንዱ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል። በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 23 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። መብራቱ 40 ሜትር ብቻ የሚያሳየው ሰው በዚህ ፍጥነት የሚሄደው በማያየው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ብዙዎች «እንግዲያውስ ዋቱን እጥፍ አደርገዋለሁ» ይላሉ። ተፈጥሮ ግን በዚህ አትስማማም። ብርሃን በሄደ ቁጥር እየተሰራጨ ስለሚሳሳ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ በእጥፍ ርቀት እኩል ለማየት አራት እጥፍ ብርሃን ያሻል። መብራታችንን እጥፍ ብናደርገው 40 ሜትሩ 56 ሜትር ገደማ ይሆናል እንጂ 80 አይሆንም። ከዋት ቁጥር ይልቅ ብርሃኑን ወደሚፈለግበት ቦታ የሚሰበስበው አንጸባራቂና መስታወት ይበልጥ ዋጋ አለው። ከሁሉም የሚረክሰው መፍትሔ ግን ፍጥነትን መቀነስ ነው።

ሁለተኛው የኃይል ሒሳብ ነው። ባትሪ የኃይል ጎተራ እንጂ የኃይል ምንጭ አይደለም፤ ምንጩ በሞተሩ ዙር የሚሠራው ዲናሞ ነው። ከጎተራው የሚወጣው ከሚገባው ከበለጠ ጎተራው ባዶ መሆኑ አይቀርም። ለምሳሌ የአንድ አነስተኛ ሞተር ሳይክል ዲናሞ በጥሩ ዙር 100 ዋት ይሰጣል እንበል። የፊት መብራቱ 35 ዋት፣ የኋላው 5 ዋት፣ ለሞተሩ ማቀጣጠያና ለባትሪው ሙሌት 25 ዋት ብንይዝ የሚተርፈው 35 ዋት ነው። የፍሬን መብራቱ ሲበራ ደግሞ 21 ዋት ገደማ ለጊዜው ይቀንሳል። እኔ በዚያን ጊዜ የጨመርኩት 110 ዋት ነበር፤ ባትሪዬ በሦስት ምሽት መሞቱ አያስደንቅም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የዲናሞው ምርት ከዚህም በጣም ያንሳል።

ዛሬ ዕድለኞች ናችሁ። ባለ 10 ዋት ሁለት የኤልኢዲ መብራቶች ከላይ በቆጠርነው ትርፍ ውስጥ ይገባሉ፤ በተመሳሳይ ዋትም ከሃሎጅን ብዙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በአንዳንድ አነስተኛ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ የሚሠራው በቀጥታ ከዲናሞው በሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መብራቱ የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው። አዲሱን የኤልኢዲ መብራት ከዚያ ገመድ ላይ አትቀጥሉት፤ ኃይሉን ከባትሪው ወገን ይውሰድ።

ሦስተኛው የገመድ ሒሳብ ነው። ዋትን በቮልት ስናካፍል አምፒርን እናገኛለን። የእኔ 110 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፒር በላይ ነው። በግማሽ ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ሄዶ መልስ 4 ሜትር ሲጓዝ፣ ከ1 ቮልት በላይ በሽቦው ላይ ይጠፋል፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። የሃሎጅን መብራት ግን ቮልቴጁ በአንድ አሥረኛ ሲቀንስበት ከብርሃኑ ሠላሳ በመቶ ያህሉን ያጣል። የጠፋው ኃይል ደግሞ ሽቦውን ያሞቃል። ሁለቱ የኤልኢዲ መብራቶች የሚስቡት 1.7 አምፒር ብቻ ስለሆነ በዚያው ሽቦ ላይ የሚጠፋው ሩብ ቮልት አይሞላም።

እንግዲህ አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳው ገመድ ብዙ ሳይርቅ በፊውዝ ውስጥ ይለፍ፤ ለጠቀስኳቸው መብራቶች 3 አምፒር ይበቃል። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ገመዱን ነው፤ ስለዚህ ፊውዙን መብራቱ አጠገብ ማስገባት ከባትሪው እስከዚያ ያለውን ገመድ ያለ ዘብ መተው ነው። ከፊውዙ ቀጥሎ ሪሌ ይግባ። በሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ተመልከቱ፤ በ30 ከባትሪው የመጣው ይገባል፣ በ87 ወደ መብራቱ ይወጣል፣ 85 እና 86 የትእዛዝ መስመሩ ናቸው። ትእዛዙን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ገመድ፣ በመሪው ላይ ባለ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ውሰዱት። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ቆሞ መብራቱ ሳይታወቅ ባትሪ አይጨርስም። የኔጌቲቩንም መመለሻ ለዛገ ብሎን አትስጡት፤ ራሱን የቻለ ገመድ ይኑረው። መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ገመዱ እንዳይወጠርና እንዳይፋቅ በእጃችሁ ፈትሹት።

አራተኛው፣ እኔ በወጣትነቴ ፈጽሞ ያላሰብኩት፣ የሌላው ሰው ዓይን ሒሳብ ነው። ጨለማ የለመደ ዓይን በኃይለኛ ብርሃን ሲመታ እንደገና ለማየት ሰከንዶች ያስፈልጉታል፤ ዕድሜ ሲገፋም ይህ ጊዜ ይረዝማል። ይህን ዛሬ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ዓይንም አውቀዋለሁ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ ሾፌር ለ3 ሰከንድ ቢታወር 50 ሜትር ሳያይ ይጓዛል። እንዲህ የሚመጣበት መንገድ ላይ ያላችሁት ደግሞ እናንተው ናችሁ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ በብርሃን ጊዜ ግን ለራስ አብዝቶ መቁረስ ተመልሶ ራስን ይጎዳል።

ስለዚህ ሞተራችሁን በደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። የተለመደው ጭነት ይጫን፤ እናንተም ተቀመጡበት፤ ክብደት ከኋላ ሲሆን መብራቱ ወደ ላይ ይቀናልና። አንድ ሰው የመብራቱን ከፍታ ከመሬት ለክቶ በግድግዳው ላይ ምልክት ያድርግ። የብርሃኑ ደማቅ ክፍል ከምልክቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። የሩቅ ማሳያ የሆኑ ጠባብ መብራቶች ከሆኑ ደግሞ ከረጅሙ መብራት ጋር አብረው እንዲበሩና አብረው እንዲጠፉ አድርጓቸው፤ ሰው ሲመጣ በአንድ ጣት ሁሉም ዝቅ ይላሉ።

ስለ ጭጋግም ልጨምር። በጣርማ በር በኩል የተጓዘ ሰው ረጅም መብራት ሲበራ ፊቱ ነጭ ግድግዳ እንደሚሆንበት ያውቃል። ቢጫ ብርሃን ጭጋጉን ሰንጥቆ ያልፋል የሚባለው ብዙም አያስኬድም፤ የጭጋግ ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚበልጡ ሁሉንም ቀለም በተቀራራቢ መጠን ይበትናሉ። የሚረዳው የመብራቱ ዝቅ ብሎ መተከልና የብርሃኑ ወደ ጎን ሰፍቶ ከላይ መቆረጥ ነው።

በመጨረሻም፣ መብራት ለመታየትም ነው። በጨለማ አንድ ነጠላ ብርሃን ሩቅ ይሁን ቅርብ፣ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ ለመለየት ያስቸግራል። ሁለት ደብዘዝ ያሉ መብራቶች ከዋናው መብራት በታች ግራና ቀኝ ሲተከሉ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ሞተሩ ሲቀርብ ሦስት ማዕዘኑ እየሰፋ ስለሚሄድ የተመልካቹ ዓይን ፍጥነቱን መገመት ይቀለዋል። ለዚህ ብዙ ዋት አያስፈልግም።

ያ የአዛውንቱ ትከሻ ድኗል፤ ብስክሌታቸውንም አሠራሁላቸው። መብራቶቹን ግን በማግሥቱ ፈትቼ አስቀመጥኳቸው፤ እስከ ዛሬም በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ አሉ። ተማሪ ሲመጣና ስለ መብራት ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማሳየው እነርሱን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሰሌዳው ሄጄ ሒሳቡን እጀምራለሁ።