ፋይሉን የከለከለው ማን ነው?

ፎቶ የሚቀበል ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ከተጠቃሚው ስልክ በቀጥታ አማዞን ኤስ ስሪ ላይ ወዳለ ባኬት እንዲገባ ያደርጋል። የራሱ ሰርቨር ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል የተፈረመ ሊንክ ብቻ ይሰጣል። ሊንኩ በከርል ሲሞከር ፋይሉ ያለ ችግር ይገባል፤ በክሮም ሲሞከር ግን በኮርስ ፖሊሲ መታገዱን የሚገልጽ ቀይ መልእክት ይወጣል። ይሄኔ ብዙዎች ኮዳቸውን ማገላበጥ ይጀምራሉ። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ባኬቱ ላይ ነው።

የሚያግደው ብራውዘሩ ነው፤ የሚያግደውም ለተጠቃሚው ብሎ ነው። ከኔትስኬፕ ናቪጌተር 2 ዘመን ጀምሮ ከአንድ ምንጭ የመጣ ጃቫስክሪፕት የሌላውን ምንጭ መልስ እንዳያነብ ተከልክሏል። ክልከላው ባይኖር ኖሮ፣ በአንዱ ታብ የተከፈተ የአጭበርባሪ ገጽ በሌላው ታብ የገባንበትን የባንክ ሒሳብ ሊያነብ ይችል ነበር። ሁለት ገጾች የአንድ ምንጭ የሚባሉት ፕሮቶኮላቸው፣ የድረ ገጽ ስማቸውና ፖርታቸው ሦስቱም ሲገጥሙ ነው። ኮርስ ደግሞ የመረጃው ባለቤት ክልከላውን ወዶ የሚያላላበት መንገድ ነው፤ ኤስ ስሪ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይደግፈዋል። ከርል ብራውዘር ስላልሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

ብራውዘሩ ፋይሉን በፑት ከመላኩ በፊት በኦፕሽንስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከየትኛው ገጽ፣ በምን ዘዴ፣ የትኞቹን ሄደሮች ይዞ እንደሚልክ ያስታውቃል። ፕሪፍላይት የሚሉት ይህን ነው። አዲስ ባኬት የኮርስ ደንብ ስለሌለው 403 ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ምርመራው ከኔትወርክ ታብ ይጀምር፤ ኦፕሽንሱ ወድቆ ከሆነ ፑቱ ጭራሽ አልተላከም። ከዚያ የብራውዘሩን ጥያቄና የባኬቱን ደንብ ፊደል በፊደል ማስተያየት ነው። ደንቡ ላይ ከአድራሻው መጨረሻ የገባች አንዲት እዝባር ብቻዋን ታስከለክላለች። ደንቡ ጌትን ፈቅዶ ፑትን ከዘለለ፣ ወይም ኮንቴንት ታይፕ ከተፈቀዱት ሄደሮች ከጎደለ ውጤቱ ያው ነው።

በየመድረኩ ኖ ኮርስ የሚባለውን ሞድ ተጠቀሙ የሚል ምክር ይሰጣል። ምክሩ ጎጂ ነው፤ ያ ሞድ ፑትን ከነጭራሹ አይቀበልም። ኮርስን የሚያጠፋ ኤክስቴንሽንም የሚያስተካክለው የገንቢውን ብራውዘር ብቻ ነው፤ ደንበኞቹ እንደተከለከሉ ይቀራሉ። በሌላ በኩል፣ ኮርስን የባኬቱ ቁልፍ አድርጎ ማሰብም ያሳስታል። ማን መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው ፊርማው ነው። ያም ሆኖ በደንቡ ላይ ኮከብ ከማስቀመጥ የራስን ድረ ገጾች በስም መጥራት ይሻላል እላለሁ።

ከሁሉም የሚያደክመው ትልልቅ ቪዲዮ ተከፋፍሎ ሲላክ የሚያጋጥመው ነው። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ሁሉም 200 ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ ግን ቪዲዮው አይጠናቀቅም። ኤስ ስሪ ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው የእያንዳንዱን ኢታግ ተቀብሎ ነው። ኢታጉ በመልሱ ሄደር ውስጥ ቢመጣም፣ የባኬቱ ደንብ በኤክስፖዝ ሄደርስ ሥር ካልጠቀሰው ብራውዘሩ ለጃቫስክሪፕቱ አያሳየውም። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ኢታግ የምትል ቃል ስትጨመር ቪዲዮው ይጠናቀቃል።