ራጁ የሚያሳየው ዕጢዋን አይደለም

የጭንቅላት ራጅ የታዘዘለት ሰው ሁሉ፣ ራሱ ውስጥ ያለው ነገር ተገልጦ የሚታይ ይመስለዋል። እኔ ራጅ አንሺ ነኝ፤ ፊልም በጨለማ ክፍል እናጥብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በሙያው ላይ አለሁ። ባነሳሁት ራጅ ሁሉ ግን ፒቱታሪ ዕጢን አይቼ አላውቅም። ያየሁት የተቀመጠችበትን አጥንት ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ታካሚ ወይ በከንቱ ይደነግጣል፣ ወይ በከንቱ ይጽናናል።

ፒቱታሪ ወርዷ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም ግማሽ ግራም አካባቢ ነው። ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከአንጎል ሥር፣ ኮርቻ የሚመስል ጎድጓዳ አጥንት ውስጥ ትቀመጣለች። በሙያው ይህን ቦታ ሴላ እንለዋለን። ትንሽ ብትሆንም እድገትን፣ የወር አበባን፣ የጡት ወተትን፣ የታይሮይድና የአድሬናል ዕጢዎችን ሥራ የምታዝ እሷ ናት። ከበላይዋ የዓይን ነርቮች ተሻግረው ያልፋሉ። ስለዚህ ዕጢዋ ላይ እባጭ በቅሎ ወደ ላይ ሲገፋ ሰውየው ፊት ለፊቱን እያየ ከግራና ከቀኝ የሚመጣውን ይስታል፤ የበር መቃን ይመታዋል፣ ከጎኑ ብቅ ያለ መኪና ያስደነብረዋል።

ዕጢዋ ሥጋ ስለሆነች በራጅ ፊልም ላይ ከአንጎሉ ተለይታ አትታይም፤ አጥንት ግን ጎልቶ ይታያል። እባጩ ቀስ በቀስ ሲያድግ ሴላን ያሰፋዋል፣ ወለሉን ያሳሳዋል፣ የኋላ ግድግዳውን ይበላዋል። ሐኪሞች ይህን የተገነዘቡት ቀደም ብለው ነው። ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 በቩርዝቡርግ ጨረሩን ባገኘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በርሊን የነበረው የነርቭ ሐኪም ኦፐንሃይም አክሮሜጋሊ የያዘው ሰው ሴላ መስፋቱን በራጅ አሳየ። በሽታው የጎልማሳን ጣት አወፍሮ ቀለበት አልወጣ የሚያሰኝ፣ የጫማ ቁጥር የሚጨምርና አገጭ የሚያስረዝም ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሽሎፈር የተባለው ቀዶ ሐኪም ኢንስብሩክ ላይ በአፍንጫ በኩል ገብቶ የፒቱታሪ እባጭ አወጣ። ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ለታካሚ እስኪውል ድረስ፣ ሐኪሞች ስለዚህች ዕጢ ከሚይዟቸው ዋና ማስረጃዎች አንዱ የአጥንቱ ቅርጽ ነበር።

አነሣሡ ቀላል ይመስላል። ታካሚው የራሱን ጎን ወደ ፊልሙ ያስጠጋል። ከአንዱ ዓይን ብሌን ወደ ሌላው የሚሄደው መስመር ፊልሙን ቀጥ ብሎ መምታት አለበት። ጨረሩን ከጆሮ ቀዳዳ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ባለው ነጥብ ላይ አነጣጥራለሁ። «አይንቀሳቀሱ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» ብዬ እጫናለሁ። ከዚያ በፊት ጉትቻ፣ መነጽር፣ የፀጉር መርፌና ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወልቃሉ። ጥብቅ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ራሱ ጥላ ይጥላል፤ ዶቃ ከገባበት ይብሳል። «ሲስተር፣ ትናንት እኮ ነው የተሠራሁት!» ያለችኝ ወጣት አለች፤ ዶቃውን አውልቀን ሹሩባውን ከጆሮ ግንዷ ወደ ኋላ ሰበሰብነው እንጂ አላስፈታኋትም። አንገት ላይ ያለ ማተብም ከምስሉ ውጪ ስለሚቀር አይፈታም። ይህን ብዙ እናቶች ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል።

እንዲህ የምጠነቀቀው በምክንያት ነው። የሴላ ወለል ሁለት መስመር ሆኖ ሲታይ «እባጩ በአንድ ወገን ተጭኖት ይሆን?» ያሰኛል። ጭንቅላቱ ትንሽ ዘንበል ካለም ግን ያው ሁለት መስመር ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ከሴላ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት የአጥንት ጉጦች መደራረባቸውን ነው። ካልተደራረቡ ጥፋቱ የአቀማመጥ ሊሆን ይችላል። ለአንድ የራስ ቅል ራጅ የሚውለው ጨረር 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ከተፈጥሮ በየዓመቱ የሚደርሰን በአማካይ 2.4 ነው። ቢሆንም በከንቱ አይደገምም። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት አስቀድማ ትንገረን።

ፊልሙ ሲደርስ ሐኪሙ ሴላውን ይለካል። ርዝመቱ እስከ 16፣ ጥልቀቱ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። በልጅ ፊልም ላይ ደግሞ ከሴላ በላይ የካልሲየም ነጠብጣብ ከታየ ሌላ ዓይነት እባጭ ይጠረጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱ ላይ ነው። «ራጁ ደህና ነው» ማለት «ዕጢዋ ደህና ናት» ማለት አይደለም። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ እባጭ አጥንቱን ሳይነካ ሊኖር ይችላል። ልጅ ሳትወልድ ከጡቷ ወተት የሚፈስና የወር አበባዋ የቀረ ሴት ፕሮላክቲን የሚያመነጭ ትንሽ እባጭ ሊኖርባት ይችላል፤ ራጇ ግን ንጹህ ይሆናል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሷት፣ ከዚያ በኋላ ወተት አልመጣ ያላት፣ አበባዋ ያልተመለሰና ድካሙ ያልለቀቃት እናትም አለች። ሺሃን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 በዝርዝር የገለጸው ይህ ሕመም ዕጢዋ ደም አጥታ የምትሞትበት ነው፤ ሴላውን አያሰፋውም። በተቃራኒው ሰፍቶ የታየ ሴላ ምንም እባጭ ሳይኖርበት በአንጎል ፈሳሽ ብቻ የተሞላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ዕጢዋን ለማየት ተመራጩ ኤም አር አይ ነው። ኤም አር አይ ሩቅ በሆነበት ቦታ ራጅ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ሊያጭር ይችላል። ለመኪና አደጋ ወይም ለሳይነስ በተነሣ ፊልም ላይም የሰፋ ሴላ በአጋጣሚ ይገኛል። የዕጢዋን ሥራ የሚናገረው ግን የደም ሆርሞን ምርመራ ነው፤ በነርቩ ላይ ጫና መኖሩን ደግሞ የዓይን ሐኪም የግራና ቀኝ ዕይታን ለክቶ ይናገራል።

አብዛኛው የፒቱታሪ እባጭ ካንሰር አይደለም። ፕሮላክቲን የሚያመነጨው ብዙ ጊዜ ካቤርጎሊንን በመሰለ ክኒን ይቀንሳል፤ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ ማለት ነው። እንግዲህ ውጤቱን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን «ሆርሞኔስ ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምልክቱ እያለ ራጁ ንጹህ ስለሆነ ብቻ «ምንም የለብዎትም» ከተባላችሁ፣ ሌላ ሐኪም ማማከር መብታችሁ ነው።