ልቤ ካልሞቀስ? እምነትና የደኅንነት መረጋገጥ

«መጋቢ፣ ጌታን ተቀብያለሁ፤ ግን ምንም አልተሰማኝም። በእርግጥ ድኛለሁ?» ይህን ጥያቄ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይ አገልግሎት ገና አልጀመራችሁም፣ ወይ ምእመኖቻችሁ ይፈሯችኋል።

ስለ መረጋገጥ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ጆን ዌስሊን እንጠቅሳለን። ቄስ ነበር፤ ለወንጌል ጆርጂያ ድረስ ሄዶ ልቡ ሳያርፍ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1738 ምሽት ለንደን፣ አልደርስጌት ጎዳና ወደሚደረግ ስብሰባ ሳይወድ ሄደ። ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መግቢያ ሲነበብ ልቡ ሞቀ፤ ኃጢአቱ መወሰዱንም ዐወቀ።

ስብከታችን እዚህ ላይ ያቆማል። የዌስሊ የዕለት ማስታወሻ ግን ይቀጥላል። ብዙም ሳይቆይ «ደስታህ የት አለ? ይህ እምነት ሊሆን አይችልም» የሚል ሐሳብ መጣበት። ያን ጊዜ የተማረው፣ ሰላምና በኃጢአት ላይ ድል ከእምነት እንደማይለዩ፣ የደስታን ፍንደቃ ግን እግዚአብሔር እንደ ፈቃዱ እንደሚሰጥና እንደሚከለክል ነው። በጃንዋሪ 1739 ደግሞ ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ ጻፈ! ኋላ ላይ፣ በ1768 በጻፈው ደብዳቤ፣ ተቀባይነትን ማወቅ ለሚያጸድቅ እምነት የግድ ነው ብሎ ማሰቡን ከተወ ብዙ ዓመት እንደሆነው ገለጸ። የመንፈስን ምስክርነት (ሮሜ 8፥16) ግን ማስተማሩን አልተወም።

ይህን ልዩነት 1ኛ ዮሐንስ 5፥13 ላይም ታገኙታላችሁ። ሐዋርያው የሚጽፈው ለሚያምኑ ነው፤ ዓላማው ግን የዘላለም ሕይወት እንዳላቸው እንዲያውቁ ነው። ስለዚህ አምኖ ገና ያላወቀ ሰው አለ ማለት ነው። ጀርባ ላይ የተኛ ሕፃን መታዘሉን አያውቅም፤ እናቱ ግን አዝላዋለች።

እንግዲህ ያ ወጣት ሲመጣ ምን ትሉታላችሁ? «ጸልየሃልና አትጠራጠር» ብላችሁ አትሸኙት። የጸሎቱ ቃል አላዳነውም፤ ዮሐንስም በዚያው መልእክት ወንድምን ስለ መውደድና በብርሃን ስለ መመላለስ ይጠይቃል። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን የባሰው ስሕተት «እስኪሰማህ ጸልይ» ማለቱ ነው። ዓይኑን ከክርስቶስ ላይ አንሥቶ ወደ ገዛ ልቡ ይመልሰዋል። (የምስክርነት ፕሮግራሞቻችንም አያግዙም፤ መድረኩን የሚያገኘው እንባና ታሪክ ያለው ነው።)

«ምን ተሰማህ?» የሚለውን ትታችሁ «ዛሬ በእግዚአብሔር ፊት ብትቆም በማን ትደገፋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «በክርስቶስ ብቻ» ካለ፣ ሮሜ 5ን ገልጣችሁ አብራችሁት አንብቡ። በሚቀጥለው ሳምንትም ቅጠሩት።